የአርባ ቀን ዕድል፦ የፓይፕፊሽ ታሪክ ከቀይ ባሕር እስከ ሳሎኔ ገንዳ

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው ዓመት አንድ ዓሣ በረሀብ ገደልኩ። የማበላው አጥቼ አይደለም። ምግቡ እዚያው ገንዳው ውስጥ፣ አፉ ሥር ሲንሳፈፍ ነበር።

ዓሣው ፓይፕፊሽ ይባላል። የባሕር ፈረስን በሥዕልም ቢሆን ሳታዩት አትቀሩም። ፓይፕፊሽ የእሱ የሥጋ ዘመድ ነው፤ የባሕር ፈረስን ከራሱና ከጭራው ይዘው ጎትተው ቀጥ ያደረጉት ይመስላል። ቁመናው እርሳስ የሚያህል፣ አፉ እንደ ትንሽ ቱቦ የረዘመ፣ አካሄዱ የተረጋጋ ሽማግሌ ነው። እዚህ አሜሪካ ከአንድ ሱቅ ሁለት ገዛሁ። ሻጩ «ምንም አያስቸግሩም፣ የሰጠሃቸውን ይበላሉ» አለኝ። እኔም ለማመን ቸኩዬ ስለነበር በዚያው ምሽት ነባሮቹ ዓሦች ያሉበት ትልቁ ገንዳ ውስጥ ለቀቅኳቸው።

ከፍሪዘር ያወጣሁትን ምግብ አሟሙቼ ስበትንላቸው ቆም ብለው ያዩታል፣ ያልፉታል። «ቤቱን እስኪለምዱ ነው» አልኩ። በ11ኛው ቀን አንደኛው ሞተ። ሆዱ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ሳይሞላው ተከተለው። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ነባሮቹ ዓሦች ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ መታየት ጀመረ። ከሰባቱ አራቱ አለቁ።

ልጄ የ9 ዓመት ልጅ ናት። «አባዬ፣ ምግብ እያለ እንዴት ራበው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። መልሱን ፍለጋ ስወጣ ግን ወደ 200 ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። የሚገርመው፣ መንገዱ በጎንደር በኩል ነው የሚያልፈው።

ጎንደር የገባው ጀርመናዊ

ኤድዋርድ ሩፐል በ1794 ፍራንክፈርት የተወለደ ተጓዥና የተፈጥሮ አጥኚ ነው። በ1831 ምጽዋ ወረደ፤ ከዚያም በስሜን ተራሮች በኩል አድርጎ ጎንደር ገባና 1832ን ተሻግሮ እስከ 1833 ቆየ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ንጉሥ በስም አለ፣ ሥልጣኑ ግን በየመስፍኑ እጅ ነው። ሩፐል ግን ፖለቲካውን ብቻ አልነበረም የሚያየው። ተራራ ሲወጣ እንስሳውን፣ ባሕር ዳር ሲቆም ዓሣውን ይመዘግብ ነበር። ወደ አገሩ ሲመለስ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትም ይዞ ሄዷል።

ዋልያ፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ዛሬ በዓለም ሳይንስ የሚጠሩበትን ስም ያወጣላቸው ይህ ሰው ነው። ቀይ ቀበሮን በላቲን «የስሜን ውሻ» ብሎ መዘገበው። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል።

ብዙ የማይወራው ቀጣዩ ነው። ሩፐል ከ1835 ጀምሮ ስለ አቢሲኒያ ባለ አከርካሪ እንስሳት በየክፍሉ ያሳተመው ትልቅ ሥራ ውስጥ የቀይ ባሕር ዓሦችም አሉበት። በ1838 ከእነዚህ መካከል ለአንድ ቀጭን፣ ቢጫ ቀለበት ያለው ዓሣ ስም አወጣለት። ዛሬ ኮሪቶይክቲስ ፍላቮፋሺያተስ ይባላል። ፓይፕፊሽ ነው! እኔ የገዛኋቸው ሁለቱ የዚሁ ወገን ነበሩ። ለዋልያና ለጭላዳ ስም ያወጣው ብዕር ለሳሎኔ ዓሣ ዘመድም ስም አውጥቷል ማለት ነው።

የሩፐል ዓሣ ግን ፍራንክፈርት የደረሰው ሞቶ ነው። በዚያ ዘመን ከቀይ ባሕር ተነሥቶ አውሮፓ በሕይወት የሚደርስ ዓሣ አልነበረም። መጠኑ ይለካል፣ የክንፉ ጨረር ይቆጠራል፣ ሥዕሉ ይሣላል። ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚበላ፣ ስንቴ እንደሚበላ ግን ሬሳ አይናገርም። የልጄ ጥያቄ በዚያ ዘመን ሊጠየቅም አይችልም ነበር።

ጨጓራ የሌለው አባት

ፓይፕፊሽ ጥርስ የለውም። ጨጓራም የለውም። የዋጠው በቀጥታ አንጀት ውስጥ ይገባና ቶሎ ያልፋል። እኛ ጠዋት ጠግበን በልተን እስከ ማታ ልንቆይ እንችላለን፤ እሱ ግን ስንቅ የሚያኖርበት ጎተራ የለውም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መልቀም አለበት።

አበላሉም የተለየ ነው። ሁለቱ ዓይኖቹ ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ትንሽ ሽሪምፕ መሰል ነገር ሲያይ ይጠጋዋል፣ ያነጣጥራል፣ ከዚያ ራሱን ብድግ አድርጎ በቱቦ አፉ ይስበዋል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በተፈጥሮ የሚያድነው የሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ስለዚህ ገና ከባሕር ለወጣ ፓይፕፊሽ፣ ከፍሪዘር ወጥቶ ዝም ብሎ የሚወርድ ሥጋ ምግብ አይደለም፤ የሚወድቅ ቅጠል ነው። የልጄ ጥያቄ ግማሽ መልስ ይህ ነው፦ ምግቡ ነበረ፣ ለእሱ ግን ምግብ መሆኑ አልታየውም።

ይህ ዓሣ ሰውን ሲያሳስት የኖረ ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ፣ ይህ ዓሣ በሚወልድበት ጊዜ ሆዱ እንደሚሰነጠቅና በኋላ እንደሚድን ጽፏል። ስንጥቁን በትክክል አይቷል። ያላወቀው ነገር የተሰነጠቀችው እናት አለመሆኗን ነው። በ1830ዎቹ ኤክስትሮም የተባለ ስዊድናዊ ነገሩን አጣርቶ ሲያይ እንቁላሉን የሚሸከመው ወንዱ ሆኖ ተገኘ። ሴቷ እንቁላሏን ታስረክባለች፤ አባት ነው እስኪፈለፈል ተሸክሞ የሚዞረው። እኔ በገዛሁት ወገን ደግሞ እንቁላሉ ከአባትየው ሰውነት ሥር ሆኖ ይታያል።

መስታወቱ እስኪመጣ

ሩፐል በተወለደበት በዚያው በ1794 ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት ልጅ ተወለደች፦ ዣን ቪልፕሬ። ልብስ ሰፊ ነበረች። ጄምስ ፓወር የሚባል ነጋዴ አግብታ ሲሲሊ ደሴት መሲና ከተማ ገባች። እዚያ የባሕር ፍጥረት ያዛት። አርጎናውት የሚባለው የኦክቶፐስ ዘመድ ቅርፊቱን ራሱ ይሠራዋል ወይስ ከሌላ ይሰርቃል የሚል ክርክር ነበር። የተማሩት ሰዎች በሬሳ ላይ ይከራከራሉ። እሷ በ1832 የመስታወት ገንዳ አሠርታ የባሕር ውሃ ሞልታ በሕይወት አስቀመጠችው። ቅርፊቱ ሲሰበር ራሱ ሲጠግነው በዓይኗ አየች። ክርክሩ አለቀ። በኋላ የሥራዋን ብዙውን ክፍል የጫነች መርከብ ሰጠመች፤ ስሟም አብሮ ሊሰጥም ምንም አልቀረው።

ቀጥላ የመጣችው አና ታይን ናት። በ1846 ከእንግሊዝ ባሕር ዳርቻ ሕያው ድንጋያማ ኮራል ይዛ ለንደን ገባች። ውሃው አየር እንዲያገኝ የቤት ሠራተኛዋ ክፍት መስኮት አጠገብ ቆማ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ታንቆረቁር ነበር። የዛሬው የአየር ፓምፕ ሥራ በአንዲት ሠራተኛ ክንድ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ የሠራተኛዋን ስም ግን ማንም አላነሳውም። ኋላ ላይ አና የባሕር ተክል ስትጨምርበት ውሃው ራሱን ችሎ ቆመ። በ1850 ደግሞ ሮበርት ዋሪንግተን የሚባል የኬሚስትሪ ሰው ነገሩን በሳይንስ አስረዳ፦ ተክል ለዓሣ የሚተነፍሰውን ይሰጣል፣ ቀንድ አውጣ የበሰበሰውን ይበላል፣ ሁሉም ሲመጣጠን ውሃው ሳይለወጥ ይቆያል።

ከዚያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። እንግሊዝ በመስታወት ላይ የጣለችውን ግብር በ1845 አንሥታ ነበር፤ መስታወት ረከሰ። ባቡር ሕዝቡን ወደ ባሕር ዳር ያመላልሰዋል። በ1853 የለንደን የእንስሳት ማቆያ ሕዝብ የሚያየው የዓሣ ቤት ከፈተ። በዓመቱ ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ «አኳሪየም» የሚለውን መጽሐፍ አወጣ፤ ቃሉም በየቤቱ ገባ። ዘመናዊ ነኝ ያለ ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ማስቀመጥ አማረው።

ምን ዋጋ አለው! በ1860ዎቹ ፋሽኑ ቀዘቀዘ። ውሃውን ማቆየት ተምረው ነበር፤ ዓሣውን ማቆየት ግን ሌላ ትምህርት ነው። ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ ቀርተዋል። አንደኛ፣ ሕያው ካልሆነ የማይበላውን ምን እናብላው? ሁለተኛ፣ አዲሱ ዓሣ ይዞት የሚመጣውን በሽታ እንዴት እናቁመው? የሁለቱም መልስ የመጣው በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። የሚገርመው ደግሞ የሁለቱም መልስ አንዳንድ ክፍል ከአንድ ቤት ወጣ፦ ሳን ፍራንሲስኮ ከሚገኘው ስታይንሃርት አኳሪየም።

ከጨው ኩሬ የመጣ እንጀራ

አርቴሚያ የምትባል ጣት ጫፍ ላይ የምትቀመጥ የሽሪምፕ ዘመድ አለች። ዓሣ ሊኖርበት በማይችል ጨዋማ ሐይቅና የጨው ማምረቻ ኩሬ ውስጥ ትኖራለች። ሰው ካወቃት ቆይቷል፤ በ1755 እንግሊዝ ውስጥ ሊሚንግተን የጨው ማምረቻ ውስጥ አይተው ጽፈውላታል። ትልቁ ነገሯ እንቁላሏ ነው። ኑሮ ሲከፋ ቅርፊት ያለው፣ ደረቅ፣ ቡናማ አሸዋ የሚመስል እንቁላል ትጥላለች። በደረቅ ቦታ ካስቀመጣችሁት ዓመታት ይቆያል። ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ስትጨምሩት ግን በ24 ሰዓት ገደማ ግማሽ ሚሊሜትር የማትሞላ ሕያው ጩጬ ትወጣለች።

የስታይንሃርት አኳሪየም ኃላፊ አልቪን ሲል በ1933 ይህች ነገር ለዓሣ ሁነኛ ሕያው ምግብ መሆኗን አሳተመ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1939፣ ጉናር ሮለፍሰን ኖርዌይ ውስጥ የባሕር ዓሣ ጩጬዎችን በአርቴሚያ ማሳደግ እንደሚቻል አሳየ። አስቡት፦ ሕያው ምግብ በቆርቆሮ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ ቻለ! ባሕር በሌለበት ከተማ የሚኖር ሰው ዛሬ ማታ እንቁላል ነክሮ ነገ ማታ የሚዋኝ ምግብ ያገኛል። እንቁላሉ ከሳን ፍራንሲስኮ የጨው ኩሬዎች፣ ኋላም ከዩታው ትልቁ የጨው ሐይቅ እየተሰበሰበ ዓለምን አዳረሰ።

ግን አንድ ወጥመድ ነበረው። አርቴሚያ እየበሉ ዓሦቹ ይከሳሉ፣ ይሞታሉ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የተገለጠው፦ የባሕር ዓሣ የግድ የሚያስፈልገው የቅባት ዓይነት አርቴሚያ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። በዚያ ላይ የተፈለፈለችው ጩጬ ይዛው የወጣችው ስንቅ በየሰዓቱ እያለቀ ይሄዳል። ቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ በ1978 ለአርቴሚያ ብቻ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። የእነሱና የሌሎች ሥራ ውጤት ዛሬ እኛ ቤት ድረስ ደርሷል፦ ጩጬዋ አፏ ተከፍቶ መብላት ስትጀምር የዓሣ ዘይት ቅልቅል ወይም የባሕር ዋቅላሚ ታበላታላችሁ፣ ከሰዓታት በኋላ እሷን ከነሆዷ ለዓሣው ትሰጣላችሁ። ቆሎ ብቻ ስትሰጡት የነበረውን እንግዳ በወጥ ማብላት ጀመራችሁ እንደማለት ነው።

አርባ ቀን

አሁን ወደ በሽታው። በ1377 በዛሬዋ ክሮኤሺያ ያለችው ዱብሮቭኒክ (ያኔ ራጉዛ ትባላለች) ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ሁሉ ከተማ ከመግባቱ በፊት ውጭ 30 ቀን እንዲቆይ ሕግ አወጣች። ቬኒስ በ1423 ደሴት ላይ የበሽተኞች ማቆያ ከፈተች። የቀኑ ቁጥር ኋላ ወደ 40 አደገ፤ «ኳራንቲን» የሚለው ቃልም የመጣው 40 ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ነው።

እኛም ለአርባ ቀን እንግዳ አይደለንም። «የአርባ ቀን ዕድሌ ነው» እንላለን፤ የሰው ዕጣ በአርባኛው ቀን ይቆረጣል እንደማለት። ለይቶ ማቆያንም በ2020 ሁላችንም አውቀነዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የገባ መንገደኛ 14 ቀን ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። ያኔ ሆቴል ተዘግቶበት የተማረረ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፦ በሽታ ራሱን የሚያሳየው ወዲያው አይደለም።

ለዓሣም ያው ነው። በ1876 ፉኬ የተባለ ፈረንሳዊ የጣፋጭ ውሃ ዓሦችን ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣውን ጥቃቅን ጥገኛ ተውሳክ ገልጾ ስም ሰጠው። የባሕር ዓሦቹ ተውሳክ በጃፓን ቀድሞ ቢታወቅም ዛሬ የሚጠራበትን ስም፣ ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስን፣ ያገኘው በ1951 ነው፤ ስሙን ያወጣችለት ብራውን የተባለች ተመራማሪ ናት።

የዚህ ተውሳክ ኑሮ ነው ቤቴን ያፈረሰው። ዓሣው ቆዳና ስንጥብ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ቀን ይመገባል። ከዚያ ይወርድና ገንዳው ወለል ላይ ራሱን በቅርፊት ይሸፍናል። ነጠብጣቡ ጠፋ፣ ዳነ ብላችሁ ደስ ይላችኋል። እሱ ግን ውስጥ ለውስጥ እየተከፋፈለ ነው። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴ ግን እስከ 72 ቀን ቆይቶ ቅርፊቱ ይከፈትና በመቶ የሚቆጠሩ ጩጬዎች ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። «ሦስት ቀን አየሁት፣ ጤነኛ ነው» ብሎ ነገር የለም።

በ1955 ሮበርት ዴምፕስተር፣ እሱም የስታይንሃርት ሰው፣ በኮፐር ሰልፌት ማለትም በመዳብ የሚሠራ ሕክምና አሳተመ፤ እሱ የሞከረው ኦዲኒየም በሚባል ሌላ ተውሳክ ላይ ነው፣ መዳብ ግን ከዚያ ወዲህ ለነጭ ነጠብጣቡም የታወቀ መድኃኒት ሆነ። መዳብ ዓሣን ያድናል፤ ኮራልንና ሽሪምፕን ግን ይፈጃል። ስለዚህ የሚታከም ዓሣ የግድ ለብቻው ገንዳ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ሁለቱ የስታይንሃርት ስጦታዎች የሚጋጩት፦ አንዱ ሕያው ሽሪምፕ አብላ ይላል፣ ሌላው ሽሪምፕ የሚገድል መድኃኒት ጨምር ይላል። ለፓይፕፊሽ የተሻለው መንገድ እንግዲህ ቀድሞ መለየት፣ መጠበቅና ማየት ነው።

ሁለተኛው ዙር

እኔም ተማርኩ። ከሞት የተረፉትን ሦስቱን ዓሦች አውጥቼ ለብቻ አከምኳቸው። ትልቁን ገንዳ ያለ ምንም ዓሣ 76 ቀን ተውኩት፤ ተውሳኩ የሚጣበቅበት ዓሣ አጥቶ እንዲያልቅ። በአምስተኛው ወር ሁለት አዲስ ፓይፕፊሾች ገዛሁ። ከመግዛቴ በፊት ሱቁ ውስጥ ሲበሉ ካላየሁ አልገዛም ብዬ ቆምኩ። ቁጭ ብዬም አየሁ።

ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ለሚያስፈልገው ይጥቀመው፦

1. ለብቻው 75 ሊትር የሚይዝ ገንዳ፣ ወለሉ ባዶ። አሸዋ የለም፣ ድንጋይ የለም። ቆሻሻው ይታያል፣ በቱቦ ተስቦ ይወጣል። መጠጊያና መደበቂያ እንዲሆናቸው የፕላስቲክ ተክል አስገባሁ።

2. ማጣሪያው ቀድሞ የሠራ፣ ባክቴሪያው የለመደ ስፖንጅ ነው። ነፋሱ ለስላሳ። ጠንካራ ፓምፕ ቀጭን ዓሣን ያደክመዋል።

3. ሙቀቱን 23 ዲግሪ ገደማ አደረግሁት። ውሃው በሞቀ ቁጥር እነዚህን ዓሦች የሚያጠቃው ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ ይበረታል።

4. መረቡ፣ ባልዲው፣ ቱቦው ለዚህ ገንዳ ብቻ። እጄንም ታጥቤ ነው ወደ ትልቁ ገንዳ የምሄደው።

5. በመጀመሪያው ሁለት ሳምንት በቀን አራቴ የበለጸገ ሕያው አርቴሚያና ኮፔፖድ። ትንሽ በትንሽ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። የተረፈውን በዚያው ቀን አወጣለሁ፤ አለበለዚያ አሞኒያ ይነሣል። አሞኒያውን በየቀኑ እለካ ነበር።

6. በሦስተኛው ሳምንት ከሕያው ምግብ ጋር በጣም ደቃቅ የቀዘቀዘ ሽሪምፕ ቀላቀልኩ። ሕያው ሲንቀሳቀስ ሙቱም ውሃው ውስጥ አብሮ ይገለባበጣል። ሴቷ በ19ኛው ቀን አንድ ሙት ዋጠች። ወንዱ እስከ 27ኛው ቀን አሻፈረኝ ብሎ ነበር።

7. ለአንጀትና ለስንጥብ ትሎች ፕራዚኳንቴል ሰጠሁ። አዎ፣ አገር ቤት ለብልሃርዚያ የሚሰጠው ያው ፕራዚኳንቴል ነው። መጠኑን ግን ዓሣ ከሚያክም ባለሙያ ጠይቁ፤ በግምት አይጨመርም።

8. በየጠዋቱ ሆዳቸውን ማየት። ሆዱ ሞላ ያለ ከሆነ ደህና ነው። ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ምግቡ አልደረሰም ማለት ነው፣ ምንም ያህል ብትበትኑ።

አርባ ቀን ሙሉ እንዲህ ነው። ሥራ አድሬ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የእነሱን ሆድ ሆነ። ባለቤቴ «ለእኔ እንኳን እንዲህ ተጨንቀህ አታውቅም» ብላ ስቃብኛለች። እውነቷን ነው መሰለኝ።

የማይሸሸው ጥያቄ

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ታሪኩን አጎድላለሁ። እነዚህ ዓሦች በብዛት ከባሕር የሚጠመዱ ናቸው። ጠላቂ ይይዛቸዋል፣ ሰብሳቢ ጋ ይቆያሉ፣ በላስቲክ ታሽገው አውሮፕላን ይሳፈራሉ፣ አስመጪ ጋ ያድራሉ፣ ከዚያ ሱቅ። ጨጓራ የሌለው ፍጥረት በእነዚህ ቀናት ሁሉ ምን በልቶ ይሆን? እኔ ጋ ሲደርስ ረሀቡ ከጀመረ ቆይቷል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት እኔ ብቻ አልገደልኳቸውም፤ የመጨረሻው ሰው ግን እኔ ነበርኩ።

የባሕር ፈረስ ንግድ በ2002 በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ውስጥ እንዲገባ ተወሰነ፤ ከግንቦት 2004 ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። ያ ውሳኔ ፓይፕፊሾችን አላካተተም። ዘመዱ ፓስፖርት ይጠየቃል፣ እሱ ያለ ጠያቂ ያልፋል። ስለዚህ ጠያቂው ገዢው መሆን አለበት፦ ከየት መጣ? ስንት ቀን ሆነው? ምን ይበላል? እስቲ ሲበላ አሳየኝ። እነዚህን ለመጠየቅ ካፈራችሁ፣ ወይም አርባ ቀን ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ከሌላችሁ፣ አትግዙ። ይህን የምለው ከቸኮሉት አንዱ ስለሆንኩ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልሼ መልቀም እንኳን አልቻልኩም።

በ41ኛው ቀን ሁለቱን ወደ ትልቁ ገንዳ አሻገርናቸው። ልጄ ናት የያዘቻቸው፤ በመረብ ሳይሆን ውሃ በሞላ ኩባያ፣ ቀስ ብላ። ከሁለት ወር በኋላ የወንዱ ሆድ ሥር የሆነ ነገር ሲያብለጨልጭ አየች። እንቁላል ነበር። አርስቶትል ያየው፣ ኤክስትሮም ያጣራው፣ ሩፐል በሕይወት ያላየው ነገር ሳሎናችን ውስጥ ሲዋኝ ነበር።

ተፈለፈሉ። እንደ ክር ቅንጣት ናቸው። የቻልነውን ሁሉ ሞከርን፣ በአራት ቀን አለቁ። አፋቸው ለአርቴሚያ እንኳን ትንሽ ነው። የዚህን ወገን ጩጬዎች ቤት ውስጥ ማሳደግ ለብዙ ልምድ ላላቸው ሰዎችም ገና ፈተና ነው።

ልጄ በዚህኛው ጊዜ «እንዴት ራበው?» አላለችም። «አባዬ፣ ከአርቴሚያ የሚያንስ ምን አለ?» አለችኝ። የምንፈልገው እሱን ነው አሁን።

እናንተ ዘንድ ዓሣ የሚያሳድግ ካለ፣ አዲስ አበባም ሁኑ እዚህ ውጭ፣ ያጣችሁትንም ያተረፋችሁትንም ከሥር ጻፉልኝ። ያላወቀ ሰው ዛሬ ማታ በላስቲክ ይዞ ቤቱ እየገባ ሊሆን ይችላል። ቸር ሰንብቱ።